ዕጣው የወጣው ከሳህኑ አይደለም

ዕቁብ የጣለ ሰው የዕጣን ነገር ያውቃል። ዳኛው እጁን ወደ ዕቃው ሲሰድ የሁሉም ዓይን በጣቶቹ ላይ ያርፋል። ልባሙ ዕቁብተኛ ግን ቀደም ብሎ፣ ወረቀቶቹ ሲጻፉና ሲጠቀለሉ ጸሐፊውን ሲከታተል ቆይቷል። ነገር የሚበላሸው በአወጣጡ ሳይሆን በአጠቀላለሉ መሆኑን ያውቃልና።

ይህን እንዳነሣ ያስገደደኝ እኔ በምኖርባት በቨርጂኒያ የተፈጸመ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በሪችመንድ ከተማ የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ በካሜራዎች ፊት ቆሙ። ከፊታቸው ከሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት የመጣ የሸክላ ሳህን ተቀምጧል። በሳህኑ ውስጥ ሁለት የፎቶ ፊልም መያዣዎች፣ በየመያዣዎቹ ውስጥም አንዳንድ ስም የተጻፈበት ወረቀት አለ። ሰብሳቢው አንዱን አነሡ፤ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ የ94ኛው የምርጫ ክልል ተወካይ ሆኑ። በዚያች ቅጽበት ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 51 ለ49 የሆነ የበላይነት አገኙ። የያንሲ ተፎካካሪ ሼሊ ሳይመንድስ ዕጣው ቢወጣላቸው ኖሮ ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይከፈል ነበር።

94ኛው ክልል በመርከብ ግንባታ የምትታወቀው የኒውፖርት ኒውስ ከተማ አካል ነበር። ወንበሩ እስከ 2001 ምርጫ ድረስ በዴሞክራቱ አለን ዳያመንስታይን ተይዞ ቆይቶ ወደ ሪፐብሊካኑ ግሌን ኦደር ተላለፈ፤ በ2011 ደግሞ ያንሲ ተረከቡት። በኖቬምበር 2017 የመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲን በ10 ድምፅ አስቀደመ። ዲሴምበር 19 የተደረገው ድጋሚ ቆጠራ ሳይመንድስን 11,608 ለ11,607 አሸናፊ አደረገ፤ በአንዲት ድምፅ! በማግሥቱ ሦስት ዳኞች የሁለቱም ዕጩዎች ክብ ተቀልሞበት በሳይመንድስ ላይ ጭረት የተደረገበትን አንድ ወረቀት ለያንሲ ቆጠሩት። ውጤቱ 11,608 ለ11,608 ሆነ፤ ሕጉም ዕጣ ይውጣ አለ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ «አንዲት ድምፅም ዋጋ አላት» ለሚል ስብከት ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ስብከቱ ሐሰት አይደለም፤ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። በዚያው ምርጫ ዴሞክራቶች በግዛቲቱ በጠቅላላ ከመቶ 53 ያህሉን ድምፅ አግኝተዋል። ታዲያ ከመቶ 53 ያገኘ ወገን የምክር ቤቱ ዕድል በአንድ ሳህን ላይ እንዴት ተንጠለጠለ? መልሱ ያለው በ2011 በተሠመረው ካርታ ውስጥ ነው።

በ2011 ካርታውን ያዘጋጁት እንደራሴዎች በ12 የምርጫ ክልሎች ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ነዋሪዎች ጥቁሮቹ ቢያንስ ከመቶ 55 እንዲሆኑ ወሰኑ። አንድን ሕዝብ በጥቂት ክልሎች ሲያጭቁት በጎረቤት ክልሎች ድምፁ ይሳሳል። በጁን 2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥሱ ናቸው ሲል ወሰነ። ከ11ዱ አንዱ የ94ኛው ጎረቤት፣ 95ኛው ክልል ነበር። በፍርድ ቤቱ አገላለጽ 95ኛው የተቀረጸው የ94ኛውን የሪፐብሊካን ሰፈሮች እየሸሸ ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ይህንንም ልጨምር፤ በዚያው ዓመት ሴኔቱን ይመሩ የነበሩት ዴሞክራቶችም የሴኔቱን ካርታ የሠሩት ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ነበር። እርሳሱን የጨበጠ ሁሉ ወደ ራሱ ያሠምራል።

በፍርድ ቤት ትእዛዝ የ94ኛው ወሰንም ተለወጠ። በ2019 ያንሲና ሳይመንድስ በአዲሱ ካርታ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ ሳይመንድስ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ሳህንም፣ ድጋሚ ቆጠራም፣ ዳኛም አላስፈለገም። ለውጡ ሁሉ የካርታው ነው አልልም፤ በእነዚያ ዓመታት የከተማ ዳርቻ መራጮች ስሜትም ተለውጦ ነበር። ነገር ግን ሁለት ዓመት ቀድሞ ድምፃቸው በእኩል የተመዘነ ሁለት ሰዎች እንዲህ የተራራቁበት ምክንያት ስሜት ብቻ አይደለም።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ2018 ያው ምክር ቤት ለዓመታት ሲቃወመው የኖረውን የሜዲኬይድ መስፋፋት አጸደቀ፤ ወደ 400,000 የሚጠጉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች የጤና ዋስትና የማግኘት መብት አገኙ። ሪፐብሊካኖች ከ66 ወንበር ወደ 51 ባይወርዱ ኖሮ ይህ ይሆናል ብዬ አላምንም። ከመብቱ ተጠቃሚዎች መካከል ታክሲ እየነዱ፣ መኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን እንዳሉ በዓይኔ አይቻለሁ። በእኛ መሰባሰቢያዎች ግን ስለ ፕሬዝዳንቱ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር፣ ስለ ግዛቱ ምክር ቤት አንድ ቃል አይተነፈስም።

እኔም ከወቀሳው አላመልጥም። በ2011 ያ ካርታ ሲሠመር የዶክትሬት ጥናቴን የምጽፍ ተማሪ ነበርኩ። ስለ ሩቅ አገሮች ምርጫ ገጽ በገጽ እየሞላሁ፣ በምኖርበት ግዛት በተጠሩት የሕዝብ መድረኮች ላይ አንድም ቀን አልተገኘሁም። በዚያ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም ነበር፤ የጎደለው የእኔ ልብ ነው። ወረቀቱ ሲጠቀለል አንቀላፍቼ፣ በ2018 ዕጣው ሲወጣ ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተገትሬ ነበር።

በኖቬምበር 2020 የቨርጂኒያ መራጮች የእንደራሴዎችና የተራ ዜጎች የጋራ ኮሚሽን እንዲቋቋም በሕዝበ ውሳኔ አጸደቁ። ኮሚሽኑ ስምምነት ስላቃተው ካርታውን በዲሴምበር 2021 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸደቀ። ቁጥሮቹም ተለወጡ፤ ሳይመንድስ በ2023 የተመረጡት 70ኛ በተባለው ክልል ነው። የአሮጌው 94ኛ ክልል ታሪክ በዚሁ ተዘጋ፤ ትምህርቱ ግን አልተዘጋም።

የሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ በ2030 ነው፤ ከዚያ በኋላ መሥመሩ እንደገና ይሠመራል። በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሌላ ከተማ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የቆጠራውን ቅጽ ሳንሞላ፣ በመድረኩም ሳንገኝ ከቀረን፣ በኋላ በሳህኑ ማማረር አይገባንም። ምርጫ እንደ ዕቁብ አይደለም፤ ተራን የሚጠብቅ ሁሉ አይደርሰውም።