ድምፃችንና ዘንቢላችን

ይህ ዓምድ እንደምታውቁት ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቤት ውስጥ ኑሮ የሚያወራ ነው። ስለ ምርጫና ስለ ክልል ምክር ቤት ሲያነሳ አታገኙትም። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ ለልጁ ደብተር መግዛት ያቃተው አባት ስለ ልጅ አስተዳደግ የምንጽፈውን በምን ልቡ ያንብበው? ደመወዙ የዘገየበት መምህርስ በምን ጉልበት ያስተምር? ስለዚህ በዚህ ወር ከቤት ወጣ ብለን ገበያውንና ወረዳውን እንቃኛለን።

ከመስጊድ ደጃፍ እስከ ሚኒባስ ውስጥ የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። «መረጥን፤ ምን አገኘን?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሥራ ፈት ወጣቶች ብቻ አይደሉም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ገና ሳይነጋ ወጥተው የተሰለፉ እናቶችም ናቸው።

ቅሬታው በእኛ አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። እኛ ያደግነው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በሚባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ነው። ያ ክልል ዛሬ የለም። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መንገዱን ከፈተ። መስከረም 20 ቀን 2014 የደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ጥር 29 ቀን 2015 ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ጌዴኦ፣ ኮንሶ፣ ደቡብ ኦሞና ሌሎች ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ሰጡ። የወላይታው ሕዝብማ በአሰጣጡ ላይ ጉድለት ተገኘ ተብሎ ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ተሰልፏል። የቀረነው፣ ስልጤ፣ ጉራጌ፣ ሐዲያ፣ ከምባታ፣ ሀላባና የም፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባልን። ለእኛ ካርድ አልመጣልንም፤ ነገሩ በምክር ቤቶች ውሳኔ ነው ያለቀው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ኅዳር 2015 ክላስተር የተባለውን አደረጃጀት በድምፅ ብልጫ አልተቀበለውም ነበር። ክልሉ ግን ጉራጌንም ይዞ ተቋቋመ። እንግዲህ አንድ ወጣት «ድምፄ የት ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ከመሬት የበቀለ አይደለም።

ሰዉ ከአዲስ ክልል የጠበቀው ምን ነበር? መንግሥት ሲቀርብ ጉዳይ ይቀላል፣ ወጪም ይቀንሳል የሚል ነበር። የመጣው ሌላ ነው። የክልል ቢሮዎች ለፍትሐዊነት ተብለው በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ። ደቡብ ምዕራብን ብትወስዱ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ አራቱም መቀመጫ ናቸው። ሐሳቡን በክፉ አናየውም፤ ሁሉም ከተማ ይደግ ነው። ነገር ግን ፋይሉን ብብቱ ሥር ይዞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚንከራተት ሰው የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውንና የምሳውን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሰዉን ያስመረረው የደመወዝ ነገር ነው። በቀድሞው ደቡብ ክልል በብዙ ወረዳዎች፣ በተለይ በ2015 እና በ2016፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ተቆራርጦ ወይም ለወራት ሳይከፈል ቆይቷል። ምክንያቱን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኛም ለማወቅ ብዙ በር አንኳኩተናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የአፈር ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ለገበሬው በዱቤ ሲሰጥ ክልሉ ለባንክ ዋስ ይሆናል። ገበሬው ሳይከፍል ሲቀር፣ ወይም ከፍሎ ገንዘቡ መሐል ላይ ሲቀር፣ ዕዳው ክልሉ ከፌዴራል መንግሥት ከሚያገኘው ድጎማ ላይ ይቆረጣል። ክልሉም ከወረዳው በጀት ላይ ይቆርጣል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ስለሆነ፣ መቀስ ሲገባበት የሚያርፈው መምህሩና ነርሷ ላይ ነው። ይህ እንግዲህ ከሩቅ የመጣ መዓት አይደለም። እዚሁ፣ በስምና በፊርማ፣ በወረዳና በዞን ደረጃ የተሠራ ሥራ ነው። «ከፍሎ ገንዘቡ መሐል ላይ ሲቀር» ያልነውን እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

ወደ ገበያው እንምጣ። ሬዲዮው «ግሽበት ቀነሰ» ሲል እናቶች ይስቃሉ። ሬዲዮው አልዋሸም፤ እናቶችም አልተሳሳቱም። ግንቦት 2014 ላይ ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት 37 በመቶን አልፎ ነበር። በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ይህንን ሒሳብ ሰጥተናቸው ነበር፦ 100 ብር የነበረ ዕቃ በ37 በመቶ ቢጨምር ስንት ይሆናል? 137። በዚያ ላይ በሚቀጥለው ዓመት 14 በመቶ ብቻ ቢጨምርስ? ከ156 ብር በላይ። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ የቀነሰው ምኑ ነው?» አለች። የቀነሰው የሽቅብ ሩጫው ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ዋጋውማ የወጣበት ዛፍ ላይ ተቀምጧል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ ማዳበሪያውና ነዳጁ ከውጭ ነው የሚመጣው። ደመወዝ ተጨምሯል፤ አልተካደም። ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው ገቢም ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ያ 600 ብር ግን ከ2008 ጀምሮ ሳይነካ ሐምሌ 2017 መድረሱን ልብ በሉ። ያን ያህል ዓመት ዋጋ ሲሮጥ የግብሩ መነሻ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ንዴታችንን አንድ ላይ ጠቅልለን ያገኘነው ሹም ላይ እንወረውራለን። የቀበሌ ሊቀ መንበር የዶላርን ዋጋ አይወስንም። ገንዘብና ባንክ፣ የውጭ ንግድና የጉምሩክ ቀረጥ በሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ሥልጣን ነው፤ የነዳጅ ዋጋም ከዚያው ይወጣል። በሌላ በኩል የሚኒባስ ታሪፍ፣ የገበያ ቦታ፣ የመሬት ኪራይ፣ የክልልና የወረዳ ሠራተኛ ደመወዝ፣ በየመንገዱ የተዘረጋው ገመድና ኬላ የክልልና የታች አስተዳደር ጉዳይ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ በየኬላው ሲቆም ሾፌሩ የሚከፍለው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚደመረው እንጀራው ላይ ነው። የክልል እንደራሴን ስለ ዶላር ብትጠይቁት «የፌዴራል ነው» ብሎ በቀላሉ ያመልጣል። ስለ ኬላው ብትጠይቁት ግን ማምለጫ የለውም።

ሌላም ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ሕዝቡ በየቀኑ የሚገናኘው ከወረዳና ከቀበሌ ጋር ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ። በ2013 በእኛ በኩል የመረጥነው የተወካዮች ምክር ቤትንና የክልል ምክር ቤትን ብቻ ነው። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ፣ ማዳበሪያውን የሚያድለውንና ደመወዙን የሚቆርጠውን የታች ምክር ቤት ቤተሰቡ በካርድ አልጠየቀም ማለት ነው። ለእኛ ከግሽበቱ ይልቅ የከበደን ይህ ነው።

«ስለዚህ ካርድ ማውጣት ከንቱ ነው» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። አንስማማም፤ ግን አንቆጣቸውም። ካርዱን የሚያወጣው አምኖበት ሳይሆን ነገ ቀበሌ ጉዳይ ሲኖረው እንዳይቸገር ብሎ የሆነ ሰው መኖሩን እናውቃለን። እንዲህ ያለ ካርድ ድምፅ ሳይሆን መታወቂያ ነው። በ2013 ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 410ሩን አንድ ፓርቲ ሲይዝ ያየ ወጣት ምርጫውን እንደ ምርጫ ባይቆጥረው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የቀረ ሰው ቁጥር የትም አይጻፍም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ይናገራል። ይህን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር «ተነስቶ የሚያውቅ አለ?» ይሉናል። ጥያቄው ለምክር ቤቶቹ ይድረስልን።

የገበያውን ነገር ስናነሳ ነጋዴ ወንድሞቻችንን ዝም ብለን ብናልፍ ሚዛኑ ይጎድላል። ረመዳን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተምርና ዘይት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ጓዳ የሚገባው በየትኛው ክልል ውሳኔ ነው? አሳዳጊ አያቶቻችን «እህል ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ስሙን እንኳ መጥራት የሚያሳፍር ነገር ስለነበረ። ዛሬ ብልህነት ተብሏል።

ባለፈው ዓመት እኛ በምናስተምርበት አካባቢ ወረዳው ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰዉ ስለ ዶላር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ነዳጅ ሲናገር ሹሞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ነበር። ከኋላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተነሳችና «ለማዳበሪያ ዕዳ ተብሎ ከወረዳችን በጀት የተቆረጠው ስንት ነው? ያልከፈሉት ማኅበራትስ የትኞቹ ናቸው?» ብላ ተቀመጠች። ራስ መነቅነቁ ቆመ። አንድ አዛውንት ሐጂ «ልጄ፣ አላህ ይባርክሽ፤ ሌላ ጥያቄ የለንም፣ ይኼው ይመለስልን» አሉ። ያን ዕለት መልስ አልተሰጠም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ፣ ድሮ የበጀት ሠንጠረዥ ይለጠፍበት በነበረው ሰሌዳ ላይ፣ የተቆረጠው ገንዘብ መጠን ተለጠፈ። የማኅበራቱ ስም አልነበረበትም። ሰዉ በስልኩ ፎቶ አንስቶታል፤ እኛም አንስተናል። የሚቀጥለው በጀት ሲለጠፍ ጎን ለጎን አድርገን እናነበዋለን፣ ኢንሻአላህ።