ስሙን ሳንጠይቀው የሄደው ወንድማችን



ባለፈው ዓመት ከፍሬሽ ተማሪዎች መካከል አንድ ወንድም ነበር። ለመግሪብ ቀድሞ ይመጣል፣ የመጨረሻው ሰፍ ዳር ላይ ይቆማል፣ ኢማሙ እንዳሰላመተ ጫማውን አንስቶ ይወጣል። ሁላችንም ሰላምታ እንሰጠው ነበር፤ ስሙን የጠየቀው ግን የለም። ከሴሚስተር እረፍት በኋላ ቦታው ባዶ ሆነ። የዶርሙን ልጆች ስንጠይቅ “ዊዝድሮው ሞልቶ አገሩ ገባ” አሉን። ደውለን ደህንነቱን እንዳንጠይቅ እንኳ ስልኩን የያዘ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። ይህ ያሳፍረናል።

ብዙዎቻችን እንደዚያ ወንድም ነን። ምደባ ሲደርሰን እናቶቻችን በሶ ቋጥረው፣ ዱዓ አድርገው ወደ ደብረ ታቦር ላኩን። የጉናን ብርድ በሁለት ብርድ ልብስ ቻልነው። ከማናውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ማደርንም ለመድን። ያቃተን ወደ ሰው ሄዶ ወሬ መጀመር ነው። ዝምተኛ ሰው ኩራተኛ አይደለም፤ ሰውም አይጠላም፤ ሰው ሲበዛበት ይደክመዋል እንጂ። እኛ ደግሞ የምንቀበለው በሞላ አዳራሽ ፊት ማይክ ሰጥተን “ራስህን አስተዋውቅ” እያልን ነው!

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ስደተኞቹን ለከተማው በጅምላ አደራ ብለው አልተዉአቸውም፤ አንዱን ሙሃጂር ከአንዱ አንሷር ጋር ወንድማማች አደረጉ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ተጣመሩ። ሰዕድ የሀብታቸውን ግማሽ ሲያቀርቡላቸው ዐብዱረሕማን ዱዓ አድርገው የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ። እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ መንገድ የሚያሳየው አንድ ሰው።

በአገራችንም ለቂርአት ወደ ወሎ፣ ወደ ዳና ወይም ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄድ ደረሳ ቤቱን ትቶ ነው የሚወጣው። ቀድሞ የገባው ደረሳ አዲሱን ያስቀራዋል፤ ወዳጅነቱ አንድ ኪታብ ላይ ሁለት ራስ ሲያጎነብስ ይመጣል። እኛም በልጅነታችን መድረሳ ጓደኛ ያገኘነው አንድ ሙስሐፍ ለሁለት ይዘን ስንቀራ ነው። ራሳችንን ያስተዋወቅንበትን ቀን አናስታውስም።

ስለዚህ ጀመዓችን ዘንድሮ ለእያንዳንዱ አዲስ ወንድም ከዲፓርትመንቱ አንድ ነባር ወንድም፣ ለእያንዳንዷ እህትም አንዲት ነባር እህት ቢመድብ እንላለን። ሥራው ቀላል ነው፦ ስልክ መያዝ፣ ሃንድአውት ማካፈል፣ የካልኩለስ ወርክሺት አብሮ መሥራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት ድረስ በእግር መሄድ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ወሬ ባይኖር እንኳ መንገዱ ራሱ ያግባባል። በረመዳንም ለዝምተኛው የተምሩን ሳህን እንስጠው። ሲያድል ሁሉንም ያውቃል፤ ንግግር አያስፈልገውም።

ዝምተኛው ወንድማችን፣ አንተም ድርሻ አለህ። ሃምሳ ሰው ልወቅ አትበል፤ አንድ ይበቃሃል። ከሶላት በኋላ ቶሎ አትነሳ፤ አምስት ደቂቃ ቁጭ በል። የዶርም ልጆች፣ ሙስሊም ሆኑም አልሆኑ፣ ቡና ሲጠሩህ ሂድ፤ ጎረቤቶችህ ናቸው።

ዛሬ መግሪብ ላይ ከሰላምታው ቀጥለን “ስምህ ማነው?” እንበል። ያንን ወንድማችንን አላህ ባለበት ይርዳው፤ እኛንም ይቅር ይበለን። አሚን።