ግፊቷን እንለካለን፤ ጭንቀቷንስ?

አዋላጅ ነርስ ነኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ተባለ፣ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ምጥ ግን አዋጅ አይሰማም። ሴቶቹ መውለዳቸው አልቀረም፤ የቀረው ወደ እኛ መምጣታቸው ነው። ቀጠሮ ወዳለፋቸው ስደውል የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ነበር፦ «ሲስተር፣ እዚያ መጥቼ በሽታ ይዤ ልመለስ?»

ከመጡት አንዷን አልረሳትም። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ስምንት ወሯ ገብቷል። ባሏ የታክሲ ረዳት ነው፤ ታክሲ በግማሽ ሰው ሲታዘዝ ገቢው ቀንሶበታል። እናቷ ያሉት ወሎ ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ ቅቤውን አንጥረው፣ የገንፎውን ገብስ አስፈጭተው ሲጠብቁ የአገር አቋራጭ መኪና ቆመ። ግፊቷን ለካሁ፤ ደህና ነው። የፅንሱ የልብ ትርታም፣ ደሟም ደህና ነው። ካርዷ ላይ የሚጻፍ ችግር አልነበረም። «እንቅልፍሽስ?» ስላት ግን ማስኳ በእንባ ራሰ። ሌሊቱን ቁጭ ብላ እንደምታነጋው፣ እጇ በበረኪና ከመታጠብ ብዛት እንደቆሰለ፣ እህል አልወርድ እንዳላት ነገረችኝ። «እኔ ብሞት ልጁን ማን ያነሳዋል?» የሚለው ሐሳብ አልለቅ ብሏታል። ባሏን ላለማስጨነቅ ለእሱ ትንፍሽ አላለችም።

በእኛ አገር የነፍሰ ጡርን ልብ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ነው። እናት ከገጠር ትመጣለች። ጎረቤት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያለች ትገባለች፣ ትወጣለች። ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ አራስ ጠያቂ ቤቱን ይሞላል። ይህ ሁሉ ደመወዝ የማይከፈልበት የጤና ሥራ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ቀድመን የከለከልነውም እሱን ነው። መከልከሉ ተገቢ ነበር። የማልቀበለው በቦታው ምንም አለመተካታችንን ነው።

ለዚያች ሴት ከግቢያቸው አንዲት ጠንቃቃ ጎረቤት መርጠን እንድትጎበኛት አደረግን፤ እኔም ማታ ማታ እደውልላት ነበር። በሰላም ተገላገለች። እናቷም መንገዱ ሲከፈት መጡ። ነገር ግን ይህ የሆነው ስለ እንቅልፏ ስለተጠየቀች ነው፤ ያንን እንድጠይቅ የሚያዝዝ ቅጽ ደግሞ እጄ ላይ አልነበረም።

ጉዳዩ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ቡታጅራ አካባቢ የተደረገውንና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ይመልከት። በእርግዝናቸው ወቅት የጭንቀትና የድብርት ምልክት የበረታባቸው ሴቶች ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመርዘሙ፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበት ጊዜም የመዘግየቱ ዕድል ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። የረዘመ ምጥ ምን እንደሚያስከትል ለአዋላጅ አይነገራትም። የዓለም ጤና ድርጅትም በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች 16 ያህሉን፣ ከወለዱት ደግሞ 20 ያህሉን የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት፣ እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል። ይህ እንግዲህ ወረርሽኝ በሌለበት ዘመን የተቆጠረ ነው።

ሐኪም የለንም፣ ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች፣ እንደ እኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ ሴቶች፣ አጭር ሥልጠና ወስደው ድብርት የያዛቸውን ነፍሰ ጡሮች እቤታቸው እየሄዱ ያነጋግሯቸው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም፣ ከወለዱ ከስድስት ወር በኋላ ድብርቱ ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ሆኑ። እንዲህ ያለ ሥልጠና ያልወሰዱ ሠራተኞች ከጎበኟቸው መካከል ግን 53 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም ወገን ጠያቂ ነበረው፤ ልዩነቱን የፈጠረው የጠያቂዋ መሠልጠን ነው። እኛ ደግሞ በየቀበሌው የሚታወቁ፣ ቤት የሚከፈትላቸው ሴቶች አሉን።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በክትትል ካርዱ ላይ ከግፊቱና ከክብደቱ ጎን ሁለት ጥያቄ ይግባ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አዝነሽ ወይም ተስፋ ቆርጠሽ ታውቂያለሽ? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አላስደስትሽ ብሏል? «አዎ» ያለችው ወዴት እንደምትላክም ከወዲሁ ይታወቅ። ወረርሽኝ ሲከሰት ስልክ የሚደውል ባለሙያ ይመደብ፤ የጠያቂው ጎርፍ ሲከለከልም አንድ የመረጠችው ሰው አይከልከላት። በምጥ ጊዜ ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮናው ወቅት እንኳ ይመክር ነበር።

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ሲነገር መጀመሪያ የታሰቡኝ በዚያ ከተማ ያሉት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። የጤና ሚኒስቴር የወረርሽኝ ዝግጁነት ዕቅድ ሲያወጣ የእነሱን ጭንቀት በስሙ ጠርቶ ያስገባ።

እርጉዝ ሆነሽ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ልብሽ አላርፍ ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሳትጠየቂም ንገሪን። ራስሽን ለመጉዳት የሚገፋ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ለቅርብ ሰውሽ ነግረሽ በዚያው ቀን ነይ።