«እኛን ማን ይፈልገናል?» ማለት ጥበቃ አይሆንም

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ዳር ካሉት ሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ስለ ስልክና ኮምፒውተር ጥበቃ ብታነሡ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «አብሽሩ፣ እኛን ማን ይፈልገናል?» የሚል ነው። አምባሰል ዘልቃችሁ ውጫሌ ላይ ብትጠይቁም ያው ነው። ባንክ ይጠበቅ፣ መሥሪያ ቤት ይጠበቅ፤ የመምህርና የነጋዴ፣ የገበሬ ቤት ግን ምን አለውና? ትሕትና የመሰለው ይህ አባባል የብዙ ቤተሰብን ገንዘብ፣ ስምና ምስጢር ያለ ጠባቂ ያሳድራል። ስለዚህ በግልጽ ልንቃወመው ይገባል።

ስህተቱ የሚጀምረው አጥቂው ስም ጠርቶ፣ ቤት መርጦ የሚመጣ ከመምሰሉ ነው። የኢንተርኔት ጥቃት ባብዛኛው እንዲያ አይሠራም። አንድ ፕሮግራም ተጽፎ ይለቀቃል፤ ከዚያ ቀንና ሌሊት ከመረቡ ጋር የተገናኘውን ዕቃ ሁሉ እየፈተሸ፣ ክፍት ያገኘውን ይይዛል። ለእርሱ ሐይቅና ኒውዮርክ ልዩነት የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ራውተሮችንና ካሜራዎችን ተቆጣጠረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 እነዚህ ዕቃዎች ባንድነት ዘምተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቋረጡ። የራውተሮቹ ባለቤቶች ሀብታም ስለሆኑ አልተመረጡም። የተፈለገው ራውተሩ ራሱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሜይ ወር ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በ150 አገሮች ገደማ የኮምፒውተር ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ ጠየቀ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነው። በሩ የተከፈተው አፕዴቱን ባልጫኑት ላይ ነበር።

«ምንም የለንም» የሚለውም እውነት አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው የኪስ ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው። የደቡብ ወሎ ልጆች ሳዑዲ፣ ዱባይና ቤሩት ናቸው፤ የቤታቸው ኪራይ፣ የወንድማቸው ትምህርት፣ የእናታቸው ሕክምና የሚወሰነው በኢሞና በዋትስአፕ ንግግር ነው። የእናት አካውንት በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ጅዳ ያለችው ልጅ «ታምሜአለሁና ቶሎ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከእናቷ ስምና ፎቶ ጋር ይደርሳታል። ትልካለች እንጂ ምን ታደርጋለች? በቴሌግራምም «ልጄ ተወዳድራለች፣ ድምፅ ስጧት» የሚል ሊንክ ከሚያውቁት ሰው ይመጣል፤ ሊንኩን ከፍቶ በስልኩ የደረሰውን ኮድ ያስገባ ሰው አካውንቱን በገዛ እጁ ያስረክባል። ባንክ ቢዘረፍ ከኪሳራው ያገግም ይሆናል፤ ለዚህ ቤተሰብ ግን የአንድ ወር ደመወዝ መጥፋት የዓመቱን ዕቅድ ማፍረስ ነው። ጥቂት ያለው ሰው የበለጠ መጠበቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ከተጠቃን በኋላ ሕግ ይደርስልናል ብለን የምንተማመንም የኪዳኔን ጉዳይ እናስታውስ። በዚህ የሽፋን ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ከኢሜይል ጋር በመጣ የወርድ ፋይል በኩል ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ሜሪላንድ በሚገኘው የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ የስካይፕ ንግግሮቹን፣ የጻፈውንና ቤተሰቡ በኢንተርኔት የፈለገውን ሁሉ፣ የልጁን የትምህርት ፍለጋ ጭምር፣ ለወራት እንደቀዳ ክሱ ያስረዳል። በማርች 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥትን በዚህ ጉዳይ መክሰስ አይቻልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። አንድ ፋይል መክፈት የሙሉ ቤተሰብን ምስጢር አሳልፎ ሰጠ፤ ፍርድ ቤቱም አልካሰውም።

እኛ ዘንድ የተለመደውን አሠራር ደግሞ እንመልከት። ደንበኛው አዲስ ስልክ ይዞ ሞባይል ቤት ይገባል፤ ሞባይል ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ጂሜይሉንና ፌስቡኩን ከፍቶ፣ ይለፍ ቃሉን ራሱ መርጦ ያስረክበዋል። ባለስልኩ ይለፍ ቃሉን አያውቀውም፤ ልጁ ግን ያውቀዋል፤ ለሌላውም ደንበኛ ያንኑ ይሰጠዋል። ኮምፒውተር ላይ የተሰበረ ዊንዶውስ ይጫናል፤ የመስበሪያውን ፕሮግራም (ክራኩን) እንዳይከለክል አንቲቫይረሱ ይጠፋል፤ እንደጠፋም ይቀራል። አንድ ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት ቫይረሱን ይዞ ይዞራል። ራውተሩም ከፋብሪካ በመጣበት ይለፍ ቃል ዓመታት ይሠራል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሌላ ማንም የማይሰጠውን አገልግሎት እየሰጠ ነው። ልማዱ ግን መቆም አለበት።

«ለዊንዶውስ ፈቃድ የሚከፈል ገንዘብ፣ ለአፕዴት የሚበቃ ዳታ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ የምር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መዘጋቱም ስልኮቻችንን ያለ አፕዴት አስቀርቷቸዋል፤ ኢንተርኔትን የሚዘጋ ውሳኔ የሕዝብን ደኅንነትም እንደሚጎዳ መነገር አለበት። ነገር ግን ዋና ዋናዎቹ መከላከያዎች ገንዘብ አይጠይቁም። ዊንዶውስ 10ና 11 የራሳቸው አንቲቫይረስ አላቸው፤ አለማጥፋት ብቻ ይበቃል። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ስላበቃ፣ ማሽኑ 11ን የማይችል ከሆነ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ በነፃ ይገኛል። በቴሌግራምና በጂሜይል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መክፈት ምንም አያስከፍልም።

ተቋማትም «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል መልእክት በመላክ ብቻ ከኃላፊነት አይድኑም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ፣ ባንኩ ራሱ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የውስጥ የሲስተም ስህተት መሆኑን ተናግሯል። ስህተት የደንበኛው ብቻ አይደለም ማለት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ ገንዘቡ የተወሰደበት የሐይቅ ነዋሪ ግን ማመልከቻውን የሚቀበልና የሚከታተልለት ሰው በወረዳው ያስፈልገዋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሥራም ከአዲስ አበባ ወጥቶ የወረዳ ትምህርት ቤቶችና ሞባይል ቤቶች ድረስ ሊደርስ ይገባል።

መጠበቅ ለዚህ አገር እንግዳ ሙያ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እስከ ዛሬ የቆየው፣ መነኮሳቱ «ማን ይፈልገዋል?» ብለው ስለተዉት አይደለም፤ ጠባቂ ስላልተለየው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የራውተራችሁን ይለፍ ቃል ቀይሩ። የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱላት፤ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ልጅዋ ቢመስልም ደውላ ድምፁን ሳትሰማ እንዳትሰጥ ንገሯት። ሞባይል ቤት ያላችሁም ደንበኛችሁ ይለፍ ቃሉን በገዛ እጁ እንዲጽፍ አድርጉ።