በቤት ውስጥ ስለሚደረግ የአባትነት ምርመራ

ልጅ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ በዓለም ላይ የቆየ ነገር ነው፤ አሁን ግን ጥያቄው ከዳኛና ከሽማግሌ ፊት ወጥቶ በፖስታ መላክ ጀምሯል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በትንሽ ሣጥን የሚሸጥ የአባትነት መመርመሪያ አለ። ገዢው በውስጡ ያለውን ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት በልጁና በራሱ ጉንጭ ውስጥ አሽቶ፥ በፖስታ አሽጎ ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ መልሱ በስልኩ ይደርሰዋል። ዘመድ በውጭ አገር ያለው ሰው፤ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ቢኖር፥ ይህን ሣጥን ለማግኘት አይቸገርም። ስለዚህ ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን አናልፈውም፤ የወረዳ ዳኞች፥ መዝገብ የሚጠብቁ ሹማምንትና የነፍስ አባቶች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነው።

በቡሬ ዙሪያ የሚኖር አንድ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ፥ የሰባት ዓመት ልጁን መልክ እያየ መጠራጠር ጀመረ እንበል። በውጭ አገር ያለ ወንድሙ ሣጥኑን ላከለት፤ እርሱም ሚስቱ ገበያ በወጣችበት ቀን የልጁን ጉንጭ አሽቶ መልሶ ላከ። «አባት አይደለህም» የሚል ቃል በስልኩ ቢመጣለት፥ ያችን ሴት ከነልጇ ከቤት ከማስወጣት የሚመልሰው ምንድን ነው? የምናመለክተው እንግዲህ፤ በዚያ ቃል ላይ ምን ያህል መደገፍ እንደሚቻል ነው።

ጥበቡን ራሱን አንነቅፍም። አሌክ ጄፍሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ሰውን በዘር ምልክቱ፥ ማለት በዲ ኤን ኤ፥ ለይቶ የማወቅን ዘዴ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት ዘዴው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት ጉዳይ የአፍሪካ ልጅ ጉዳይ ነው፤ ከጋና ወደ እንግሊዝ አገር የተመለሰ አንድ ልጅ በእርግጥ የእናቱ ልጅ መሆኑ በዚህ ተረጋግጦ ከእርስዋ ጋር እንዲኖር ተፈቀደለት። ከዚያ በፊት የነበረው የደም ዓይነት ምርመራ «አይደለም» ሊል ይችል ነበር እንጂ «ነው» ለማለት አይበቃም ነበር። እርሱንም ቢሆን ሁሉ አይሰማውም ነበር፤ ስመ ጥሩው ተዋናይ ቻርሊ ቻፕሊን በ1944 ደሙ ተመርምሮ አባት አለመሆኑ ቢታወቅለትም፥ በማግስቱ ዓመት የካሊፎርንያ ፍርድ ቤት አባት ነህ ብሎ ፈርዶበታል።

የአሁኑ ምርመራ እንዲህ ይሠራል። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ከየጥንዱም አንዱን ከእናቱ፥ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። ቤተ ሙከራው ከእነዚህ ላይ ሃያ ያህል የታወቁ ቦታዎችን መርጦ የልጁን ምልክት ከሰውየው ምልክት ጋር ያስተያያል። በብዙ ቦታ ካልገጠመ ሰውየው አባት አይደለም። በአንድ ቦታ ብቻ ቢለያይ ግን ምልክቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በራሱ ጊዜ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በየቦታው ከሺህ ልደት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል ስለሚደርስ፥ ጠንቃቃ ቤተ ሙከራ በአንድ ልዩነት ብቻ «አይደለም» አይልም። ሁሉ የገጠመ እንደ ሆነ «ከመቶ 99.99» የሚል ቁጥር ይጻፋል። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፤ ይህ ቁጥር የሚሰላው ሰውየውን ከማይዛመደው ከማንኛውም ሌላ ወንድ ጋር በማመዛዘን መሆኑን ነው። የተጠረጠረው ሌላ ሰው የባልየው ወንድም የሆነ እንደ ሆነ፥ ወንድማማቾች የዘር ምልክታቸውን በግማሽ ያህል ስለሚካፈሉ ሚዛኑ ይለወጣል፤ ይህን ለቤተ ሙከራው አስቀድሞ መንገርና የእናቲቱንም ናሙና መጨመር ያስፈልጋል። የቤቱ ሣጥን ግን ብዙ ጊዜ ያለ እናት የሚሠራ ነው። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችንማ የተለመደው ምርመራ ፈጽሞ አይለያቸውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ በመልካም ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደርሰው ስሕተት ጥቂት ነው። ትልቁ ስሕተት የሚገባው ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ነው። ቤተ ሙከራው ሁለት የጥጥ እንጨት ተቀብሎ ሁለቱን ያስተያያል፤ ጥጡ በማን ጉንጭ እንደ ገባ ግን አላየም። በላዩ የተጻፈውን ስም የጻፈው ገዢው ነው። ሚስቱን ለመፍታት ምክንያት የሚፈልግ ሰው የጎረቤትን ልጅ ጉንጭ ቢያሽ ማን ያውቅበታል? በውርስ የሚጣሉ ወንድሞች የእኅታቸውን ልጅ ናሙና ቢለውጡ ማን ይመሰክራል? ተንኮል ባይኖርበትም እንኳ የሁለቱን እንጨት ፖስታ ማማታት ቀላል ነው፤ ጥጡ ሳይደርቅ ቢታሸግም ሻግቶ ይበላሻል። ሣጥኑን የሚሸጡት ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ፥ ውጤቱ ለገዛ ራስ ማወቂያ እንጂ ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንደማይሆን በራሳቸው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ይህችን ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ጥበቡን ከእኛ ቀድመው የያዙት አገሮች በር አበጅተውለታል። በፈረንሳይ ያለ ዳኛ ትእዛዝ የአባትነት ምርመራ ማድረግ በሕግ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው። በእንግሊዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የወጣው ሕግ የሰውን ዘር ምልክት ያለ ፈቃዱ መመርመርን ወንጀል አድርጎታል፤ ጀርመንም ከ2010 ጀምሮ በስውር የሚደረገውን ምርመራ ከልክላለች።

ወደ ራሳችን ሰዎች ስንመለስ፥ ይህ ነገር ከኢትዮጵያውያን ጋር የተገናኘበት አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ2008 በናይሮቢ፥ በኋላም በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች፥ ዘመዶቻቸውን ተከትለው ለመሄድ ያመለከቱ ስደተኞችን መርምሮ ነበር። ከተመረመሩት ወደ 3,000 ከሚጠጉት ሰዎች መካከል የተናገሩት ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠላቸው ጉዳዮች ከመቶ 20 እንኳ አልሞሉም፤ መንገዱም እስከ 2012 ተዘግቶ ቆየ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ሁሉም ዋሾ ነው» ብሎ ፈረደ። ነገር ግን ባልቀረቡትና እንቢ ባሉት ላይ የተቈጠረው እንደ ውሸት ነው፤ ወላጁ የሞተበትን የወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ ሰውም በጥጡ ፊት አባት አይባልም። በገጠራችን እንዲህ ያለ አባት ስንት እንደ ሆነ ካህናት ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

በጎጃም ደግሞ ልጅነት ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውንና በ1973 ያሳተመውን የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፥ ርስት የሚጠየቀው እስከ አቅኚው አባት ድረስ በአባትም በእናትም ሐረግ ተቈጥሮ ነበር። ስለዚህ ቀድሞ አባቱ የካደው ልጅ በእናቱ በኩል የሚቆምበት መሬት ነበረው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. አዋጅ ርስትን አስቀረ፤ በአማራ ክልል ከ1995 ዓ. ም. ወዲህም ይዞታው በባልና በሚስት ስም በደብተር ይመዘገባል። ዛሬ የልጅ ውርስ የሚቈጠረው በዚህ ደብተር ላይ ከሰፈሩት ከሁለቱ ስሞች ነው። አንዱን ስም ከልጁ ላይ የሚፍቅ ወረቀት እንግዲህ የእርሻውን ግማሽ ሊፍቅ ይችላል፤ ሣጥኑን የሚልከው ዘመድም አንዳንድ ጊዜ ይህን የማያስብ አይምሰለን።

ሕጋችን ይህን ሁሉ በጥጥ እንጨት ብቻ እንዲፈርስ አልተወውም። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ፥ በ1992 ዓ. ም. በወጣውም የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፥ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። መካድ የሚፈልግ ባልም ልጁ መወለዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት አለበት። የአማራ ክልል በ1995 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ያወጣው የቤተሰብ ሕግም መሠረቱ ይኸው ነው። እንግዲህ በምሳሌ ያነሣነው ገበሬ፥ ምርመራው እውነት እንኳ ቢሆን፥ ልጁ ሰባት ዓመት ከሆነው በኋላ የሚሄድበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ሳያውቅ ቤቱን ያፈርሳል፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላም የልጁን ቀለብ ይጠየቃል።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፤ በዚያ ምርመራው እናቲቱንና ልጁን ብዙ ጊዜ ይረዳቸዋል፤ ሕጉም የደም ምርመራንና ሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴን ያውቃል። የሚፈለገው አስተማማኝነቱ ነው። ይኸውም ሰውየው፥ እናቲቱና ልጁ በአንድ ቀን በሐኪም ፊት ቀርበው፥ መታወቂያቸው ታይቶ፥ ናሙናው በፊታቸው ታሽጎና ተፈርሞበት፥ መልሱ ከቤተ ሙከራው በቀጥታ ለፍርድ ቤቱ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ በስልክ የመጣ መልስ ይዞ ወደ ነፍስ አባቱ ወይም ወደ ሽማግሌ የሚመጣ ሰው ቢኖር፥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥጡን ማን እንደ ያዘውና እናቲቱ በዚያ እንደ ነበረች ይሁን። የልደት መዝገብ የሚጠብቀውም ሹም ይህን ወረቀት አይቶ የአባትን ስም እንዳይነካ፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቅ። ዳኛውም ምርመራ ሲያዝ ወጪውን ማን እንደሚችል አስቀድሞ ይወስን፤ ያለዚያ ከደጋ ዳሞት ወይም ከቡሬ ገጠር ለምትመጣ እናት ትእዛዙ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ርካሹ የቤት ሣጥንም በቦታው ይተካል።