ፈቃዱ ሲታደስ ማንን አስተማራችሁ ብለን እንጠይቅ

ከአለምገና በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ የሚወጣውን መንገድ በማለዳ የሚሄድበት ሰው ይህን ያውቃል። ሠራተኛው ከሰርቪስና ከታክሲ እየወረደ ወደ ፋብሪካው በር ሲጎርፍ፣ በዚያው በር ቻይናዎች፣ ህንዶችና ቱርኮችም ይገባሉ። በሱሉልታ በኩል የቻይና ባለሀብቶች ቆዳ ፋብሪካ ከፍተዋል። ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚያመራው መንገድ ደግሞ አበባ እርሻ ውስጥ ህንዳዊ ሥራ አስኪያጅ ማግኘት የተለመደ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ትናንት በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሥር ነበሩ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ከእስያ መጥቶ በእነዚህ ከተሞች እንጀራውን የሚበላው ሰው ግን በሁለቱም መዋቅር ውስጥ አለ።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንዱ ወገን ሥራችንን ወሰዱብን ይላል። ሌላው ወገን እነሱ ከሄዱ ፋብሪካው በማግስቱ ይዘጋል ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስንት ይምጣ በሚለው ላይ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ አገሩ ሲገባ፣ ያውቀው የነበረውን የሚያውቅ የሰበታ ልጅ ይኖራል ወይ?

ሕጉ ይህን ጥያቄ ቀድሞ ጠይቆታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ሰውየው ለሥራው የማያስፈልግ መሆኑ ከተረጋገጠም ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው። ከላይኛው አመራር በታች ባሉት የሙያ መደቦች ባለሀብቱ የውጭ ባለሙያ የሚቀጥረው ተመሳሳይ ብቃት ያለው ኢትዮጵያዊ ሲታጣ ነው። ከቀጠረም በኋላ ኢትዮጵያዊ አሠልጥኖ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የመተካት ግዴታ አለበት። እንግዲህ በአገራችን ሕግ የሥራ ፈቃድ ማለት ማብቂያ ያለው ፈቃድ ነው። ባለሙያው የመጣው ሊሠራም ሊያስተምርም ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው ውስጥ እንግባ። በሰበታ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። የእሱንም የፋብሪካውንም ስም አልጠቅስም። እጁ ሥራ የሚያውቅ፣ ትጉህ ልጅ ነው። ስለ ሥራው ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ቤሪንግ ከሆነ እቀይራለሁ፣ ቺንጊያ ከሆነም እቀይራለሁ። ችግሩ ፓነሉ ላይ ከሆነ ግን ቆሜ እጠብቃለሁ። ፓስወርዱ ያለው ቻይናው ጋ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውም ጽሑፍ በቻይንኛ ነው።»

እንዲያሳይህ ጠይቀኸው አታውቅም ወይ አልኩት።

«በምን ቋንቋ ልጠይቀው?»

ይህን የነገረኝ በምሬት አልነበረም፤ ለምዶታል። እኔን ያስቆጨኝ መልመዱ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ ውስጥ ትልቁ ዕውቀት ያለው በዚያ ፓነል ውስጥ ነው። ማሽኑ በስንት ፍጥነት ይሂድ፣ ሙቀቱ ስንት ይሁን፣ ስህተት ሲመጣ ከየት መጣ የሚለው ሁሉ የሚታዘዘው ከዚያ ነው። ቤሪንግ መቀየርማ ጋራዥ ውስጥም ይለመዳል። ልጁ ዓመት አልፎ ዓመት ቢመጣ ከፓነሉ ወዲህ ማዶ ነው፤ የቻይናዊው ፈቃድ ግን በየዓመቱ ይታደሳል። ሲታደስ ይህን ልጅ የጠየቀው ሰው የለም።

ቻይናዊውን ለመውቀስ እንዳልቸኩል አስቤበታለሁ። እሱም ደመወዝ ፍለጋ ባሕር የተሻገረ ስደተኛ ነው። ከቤተሰቡ ርቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ካምፕ እያደረ፣ የሚበላውን እንኳ ከአገሩ ሰው ጋር እያበሰለ ይኖራል። አለቆቹ የቀጠሩት ማሽኑ እንዳይቆም ነው። አስተምር ብሎ ያዘዘው የለም፤ ስላስተማረ የሚጨመርለት ሳንቲምም የለም። እንዲያውም በደንብ ካስተማረ ውሉ ያበቃል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው፣ እኔም ብሆን አንባቢዬም ቢሆን፣ ፓስወርዱን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ግዴታው መጣል ያለበት በኩባንያው ላይ ነው፤ ላስተማረ ባለሙያም ጉርሻ የሚከፍለው ኩባንያው መሆን አለበት።

ውጣልን የሚለውን ጩኸት የማልቀበለው ለዚህ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ፣ ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ያየነውን አንረሳም። ዛሬም ቡራዩ ላይ ካሉ ወጣቶች ብዙዎቹን ምን እየሠራችሁ ነው ብትሏቸው «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ነው መልሳቸው። አንዱ ለስኮላርሺፕ፣ አንዷ ለዓረብ አገር ሥራ፣ ሌላው ለአውሮፓ የተማሪ ቪዛ ሰነድ ያሰባስባሉ። ልጆቹን በየሰው አገር የሚልክ ሕዝብ በአገሩ ያገኘውን እንግዳ ሊያዋርድ አይገባም። እንግዳውን ማክበርና ኩባንያውን ሕግ አክብር ማለት አይጋጩም።

የውጭ ባለሙያን በአገሬው ሰው መተካት የሚቻል ስለመሆኑ የሰበታ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የአዲስ አበባ–ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሳው ከሰበታ ነው። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን የቻይና ባቡር ግሩፕ ሠራው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌላ የቻይና ኩባንያ፣ ሲሲኢሲሲ፣ ቀጠለው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ያኔ ባቡሩን የሚነዱት፣ ጉዞውን የሚቆጣጠሩትና ጥገናውን የሚመሩት ቻይናውያን ነበሩ። ነገር ግን ሥራውን የማስኬዱ ውል ስድስት ዓመት የሚል ገደብ ነበረው። ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ከቻይናውያኑ አጠገብ ተቀምጠው ተማሩ፤ ቻይና ድረስ ሄደው የሠለጠኑም አሉ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ሥራው ለኢትዮጵያና ለጂቡቲ ሠራተኞች ተላለፈ። መስመሩ ችግር የለበትም አልልም፤ የኬብል ስርቆቱን፣ የመብራት መቆራረጡን፣ ሐዲድ ላይ የሚገቡትን ከብቶች ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ዛሬ ባቡሩን የሚነዳው ኢትዮጵያዊ ነው። ያስቻለው ቀኑ አስቀድሞ በውል መጻፉ ነው። ማስረከቢያ ቀን ያለበት ሰው የሚረከበውን ያዘጋጃል።

ከዚያም በፊት ልምዱ ነበረን። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት ህንዳውያን፣ በተለይም ከኬረላ የመጡት፣ በብዙ አዛውንቶች ዘንድ እስከ ዛሬ በስም ይታወሳሉ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመውን የሐረር ጦር አካዳሚ መጀመሪያ የመሩትና ያስተማሩበት የህንድ መኮንኖች ናቸው፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን መኮንኖች ተረከቡት። ከእነዚያ ህንዳውያን እጅ የተማረ ትውልድ መምህር ሆነ፣ መሐንዲስ ሆነ፣ ሐኪም ሆነ። በደመወዝ የመጣ የእስያ ሰው ትቶ የሚሄደው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል አያቶቻችን በዓይናቸው አይተውታል።

ባቡሩ የተመረቀበትን ሳምንት ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው። ከምረቃው ሦስት ቀን በፊት ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል የሰው ሕይወት አለፈ። በቀጣዮቹ ቀናት ሰበታ ላይ ፋብሪካዎች ነደዱ፤ የቱርኮቹ ሳይገን ዲማ ጨርቃ ጨርቅ አንዱ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የቁጣው ሥር የገበሬው መሬት፣ ለመሬቱ የተከፈለው ካሳ፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላንና የፈሰሰው ደም ነበር። እሳቱን ትክክል ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በማግስቱ ሥራ ፈትቶ የቀረው የሰበታ ልጅ ራሱ ነው። ግን አባቱ መሬቱን የለቀቀለት ልጅ ፋብሪካው ውስጥ ዕቃ ተሸካሚና ጥበቃ ብቻ ሆኖ ካረጀ፣ ፋብሪካውን የኔ ብሎ የሚቆምለት ከየት ይመጣል? ሙያ ያገኘበት ልጅ ግን ቦታው ቢነካ ያመዋል።

ሌሎች አገሮች የአገሬውን ሰው የማሠልጠኑን ጉዳይ በገንዘብ ጭምር ይይዙታል። ለንደንን እንውሰድ። ከህንድ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከቻይናና ከፊሊፒንስ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ የገባ ሰው የከተማዋ ሕይወት አካል ነው፤ ሆስፒታሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ያለ እነሱ አይሄድም። የብሪታንያ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ባለሙያ ከውጭ የሚያስመጣ ቀጣሪ የክህሎት ክፍያ እንዲከፍል ደነገገ። ሲጀመር ትልቅ ድርጅት ለአንድ ሰው የሚከፍለው በዓመት 1,000 ፓውንድ ነበር፤ የኋላ ኋላ ተጨምሯል። የውጭ ሰው መቅጠር የሚቀል ከሆነ የአገሬውን ሰው ማሠልጠን እንደሚዘነጋ ስለገባቸው ነው። በእኛ አገርም እንዲህ ያለ ክፍያ ቢጣልና ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ሳይውል በቀጥታ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ቢገባ፣ ተማሪው ፋብሪካው የሚጠቀምበትን ዓይነት ፓነል ክፍል ውስጥ ሊያየው ይችላል።

ባለሀብት ይሸሻል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የውጭ ባለሙያ ግን ለባለሀብቱም ውድ ነው፤ በዶላር ደመወዝ አለው፣ የአውሮፕላን ትኬት አለው፣ ማደሪያና ቀለብ አለው። በአገሬው ሰው መተካት ወጪ ይቀንስለታል። ይልቅ አምራቾች የሚያነሱት ሌላ ቅሬታ ከባድ ነው፤ አሠልጥነን ሳንጠቀምበት ጥሎን ይሄዳል ይላሉ። እውነት አላቸው። ሠራተኛው የሚሄደው ግን ደመወዙ የሰበታን የቤት ኪራይ ስለማይችል ነው። አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ቢከፍትም፣ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ እስካሁን የደመወዝ ወለል አልተቀመጠለትም። ሙያ ያስያዝነው ልጅ በዚህ ደመወዝ ሙያውን ይዞ ወደ ዱባይና ሪያድ ቢሄድ አይፈረድበትም። ማሠልጠንና ተገቢ ደመወዝ መክፈል አብረው ካልሄዱ ሁለቱም ከንቱ ነው፤ በዚህ ነጥብ የሠራተኛ ማኅበራትም የባለሀብት ማኅበራትም ከመካሰስ ወጥተው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

በእጃችን ያለውን ግን ደመወዙ እስኪስተካከል መጠበቅ አያስፈልግም። እያንዳንዱ የውጭ ባለሙያ ፈቃድ ሲሰጠው ከጎኑ የሚማር አንድ ኢትዮጵያዊ በስም ይመዝገብለት። የማሽኑ መመሪያ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ይቅረብ። ዓመቱ ሲሞላ ከአካባቢው ማሠልጠኛ አንድ መምህር ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ያንን ልጅ ፓነሉ ፊት አቁሞ ይፈትነው። ካለፈ ልጁ በመደቡ፣ በመደቡም ደመወዝ ይሾም፤ የውጭ ባለሙያው በክብር፣ ምስጋናውንና ጉርሻውን ተቀብሎ ይሸኝ። ካላለፈ ኩባንያው ለምን እንዳላለፈ በጽሑፍ ያስረዳ፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ምክንያቱ ተቀባይነት አይኑረው። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ የሚሠራ ካለም ተጠያቂው ያስገባው ቀጣሪ ይሁን።

ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጎናችሁ ያለው የውጭ ባለሙያ ፈቃዱ የተሰጠው ለየትኛው ሥራ እንደሆነና የሚተካው ማን እንደሆነ በሠራተኛ ማኅበራችሁ በኩል ጠይቁ። በአዋጅ የተጻፈ ነገር ስለሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ለዚህ አዲስ ሕግ ማውጣት አይጠበቅበትም። አዋጆቹ አሉ፣ ዓመታዊ እድሳቱም አለ፤ የጎደለው በእድሳት ቅጹ ላይ ማንን አስተማራችሁ የሚል ጥያቄና ሄዶ የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ከመጪው ዓመት እድሳት ጀምሮ ይግባ።