ደንን ሳይጎዱ እንግዳን ስለ መቀበል

እንግዳ መቀበል ካባቶቻችን የወረስነው ደግ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን እንግዳውን ለማሞቅ ሲባል የቤቱ ምሰሶ ተነቅሎ ቢነድ፣ እንግዳው ለአንድ ሌሊት ይሞቅ ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን በማግሥቱ ቤት አይኖረውም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ስለሚሠሩ የእንግዳ ማረፊያዎች ስናስብ ይህ ምሳሌ ከልባችን ሊጠፋ አይገባም።

በቅርብ ዓመታት በሐላላ ኬላና በጨበራ ጩርጩራ በመንግሥት አሳቢነት ያማሩ ማረፊያዎች ተሠርተዋል። ይህን ያዩ ባለገንዘቦችም ወደ ከፋና ወደ ሸካ ደን ዓይናቸውን ቢያቀኑ የሚያስደንቅ አይሆንም። የከፋ ደን ግን እንደ ባዶ መሬት የሚቈጠር አይደለም። ቡና ሳይተከል በዱር የሚበቅልበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚለቀምበት፣ ማር የሚቈረጥበት፣ ወንዞችም የሚፈልቁበት አገር ነው። በ2002 ዓ/ም ዩኔስኮ በባዮስፌር መዝገብ ያገባው የከፋ ምድር 760 ሺሕ ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ጨርሶ እንዳይነካ የተከለለው እምብርቱ 41 ሺሕ ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ይህም ከመቶ ስድስት እጅ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ማረፊያ አይሠራ አንልም፤ አሠራሩ ይታሰብበት እንላለን። በደን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከቤቱ ይልቅ ቤቱን ተከትለው ከሚመጡት ነገሮች የሚነሣ ነውና። ከሁሉ የሚከፋው መንገድ ነው። ለእንግዳ መኪና የተጠረገው ጎዳና ለግንድ ጫኝም ያገለግላል፤ በግራና በቀኙም እርሻ ይከተላል። ስለዚህ ማረፊያው ቀድሞ በተመነጠረ ቦታ፣ በደኑ ዳር ሊቆም፣ መኪናም ከዚያ ሳያልፍ እንግዳው ወደ ውስጥ በእግሩ ሊሄድ ይገባል።

ስለ ቤቱም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዝናቡ ብዙ፣ ተዳፋቱም የሚንሸራተት ስለ ሆነ፣ መሬቱን ቈርጦ ከመደልደል ይልቅ ወለሉን በቋሚዎች ላይ ከፍ አድርጎ ማቆም ይሻላል፤ ጎርፉ በሥሩ ያልፋል፣ የዛፉም ሥር አይቈረጥም። የጣራው ክፈፍ ረዘም ቢል ግድግዳው ከዝናብ ይጠበቃል። ለግድግዳ የሚሆነው ቀርከሃ በዚያው አገር ይገኛል፤ ነቀዝ እንዳይበላው ግን አስቀድሞ በቦራክስ ውኃ ሊነከር ያስፈልጋል። ያገሩ ዋርካና ዋንዛ ለምሰሶ ተብሎ እንዳይወድቅ፣ ሰው ተክሎ ያሳደገው እንጨት ይበቃል። የፀሐይ ኃይል በደመናው ወራት ስለሚደክም ከትንሽ ወንዝ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ቢታገዝ መልካም ነው፤ ወንዙ ግን ከመስመሩ ሳይደርቅ መሆን አለበት። የወጥ ቤቱ ምድጃ በማገዶ እንዳይነድ፣ የመታጠቢያው እጣቢ በሸምበቆ መደብ ሳይጣራ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ፣ የሌሊቱም መብራት ወደ ምድር ብቻ እንዲያበራ ማድረግ ይገባል። መብራት የሌሊት ነፍሳትንና ወፎችን እንደሚያሳስት የተረጋገጠ ነውና። ምቾት ማለት የመዋኛ ገንዳ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በከተማው ያጣው ጸጥታንና ንጹሕ አየርን ነው፤ ንጹሕ አልጋና የዚያው ደን ቡና ከተጨመረለት ምን ይጐድለዋል?

ይህ ሁሉ ቢሟላም የሕዝቡ ነገር ከተዘነጋ ሥራው በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ነው። በሰሜኑ ደጋ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሲሆን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ዛፍ ተርፎ መኖሩን አንባቢዎቻችን ካህናት ከኛ ይልቅ ያውቃሉ። ያንን ያቆየው የድንጋይ አጥር ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ የኔ ነው ብሎ ማክበሩ ነው። በፔሩ አገር የታምቦፓታ ደን ነዋሪዎች የሆኑት የኢንፊየርኖ ሰዎችም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ/ም ከአንድ ኩባንያ ጋር ተዋውለው ፖሳዳ አማሶናስ የሚባለውን ማረፊያ አቋቁመዋል። ከትርፉ ከመቶ 60ው ለሕዝቡ፣ 40ው ለኩባንያው እንዲሆን ተስማምተው ነበር።

ወደ ከፋ ስንመለስ፣ በደኑ ዳር የሚኖሩት የማንጃ ወገኖች ማገዶና ከሰል እየሸጡ የኖሩ፣ በጎረቤቶቻቸውም ዘንድ ለብዙ ዘመን የተናቁ ናቸው። ማረፊያው ደኑን ዘግቶባቸው ሥራውን ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ከሰጠ፣ የተራበው ሰው ዛፍ ቢቈርጥ ጥፋቱ የርሱ ብቻ ሊባል አይችልም። ዱካ ለይቶ፣ የወፉን ድምፅ አውቆ እንግዳን የሚመራ ከነርሱ የተሻለ ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንት የቤቱን ሥዕል ብቻ አይተው እንዳይፈርሙ እናሳስባለን። መንገዱ የት እንደሚቆም፣ እጣቢው ወዴት እንደሚወርድ፣ ያገሩ ሕዝብ ከትርፉ ስንት እንደሚደርሰው በውሉ ተጽፎ ይታይ፤ ሳይጻፍ ከቀረም ፈቃዱ ይቆይ። ካህናትም አዳም ወደ ገነት የገባው ሥራና ጥበቃ ባንድነት ተሰጥተውት መሆኑን ለሕዝቡም ለባለገንዘቡም ያስተምሩ ዘንድ እንለምናለን። እንግዳው ጥቂት ቀን ሰንብቶ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ከደኑ ጋር የሚቀሩት ግን ልጆቻችን ናቸው።